የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በግል አውሮፕላን ድንበር ለመሻገር የሚደረግ ዝግጅት

በትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ከአገር ወደ አገር ስለሚደረግ በረራ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች እየበረከቱ በመምጣታቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። አብራሪው አውሮፕላኑን፣ የአየሩን ጠባይና የሚሄድበትን መስመር ያውቃል፤ ድንበር ማዶ ያሉት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ የጉምሩክ ሹምና የአየር መከላከያ ተረኛ ግን አብራሪውን የሚያውቁት አስቀድሞ በደረሳቸው ወረቀት ልክ ብቻ ነው። የዝግጅቱ አብዛኛው ድካምም ያንን ወረቀት ትክክለኛ፣ ወቅታዊና እርስ በርሱ የማይጋጭ ማድረግ ነው። ደብዳቤዎቹን ለአንባቢ እንዲመቹ አሳጥሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የግል አብራሪነት ፈቃድ አለኝ፤ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን በጋራ እንጠቀማለን። እስካሁን የበረርኩት በአገሬ የአየር ክልል ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ አሁን ወደ ጎረቤት አገር የሦስት ሰዓት ያህል በረራ አስቤአለሁ። አንዳንድ አብራሪዎች የበረራ ዕቅድ ካስገባሁ እንደሚበቃ ይነግሩኛል፤ ሌሎች ደግሞ ፈቃዱ ብዙ ቀን እንደሚፈጅ ያስጠነቅቁኛል። የትኛውን ልመን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የአንድን ሕግ ሁለት ጫፍ ይዘው ነው የሚመክሩዎት። ሕጉ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሲሆን፣ ዛሬ 193 አገሮች አባል ሆነውበታል። አንቀጽ 1 እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 5 ደግሞ መደበኛ የጊዜ ሰሌዳ የሌላቸው በረራዎች፣ የእርስዎን ዓይነቱን የግል በረራ ጨምሮ፣ ቅድሚያ ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው የሌላውን አባል አገር አየር እንዲያቋርጡና ከንግድ ውጭ ለሆነ ጉዳይ እንዲያርፉ መብት ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ወዳጆችዎ የያዙት ይህን ነው። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ አገሩ አውሮፕላኑን እንዲያርፍ የማዘዝ፣ በቀላሉ በማይደረስባቸው ወይም በቂ የአየር አገልግሎት በሌላቸው አካባቢዎች ደግሞ የተወሰነ መስመር እንዲከተል ወይም ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ የመጠየቅ መብቱን ይጠብቅለታል፤ በተግባርም ብዙ አገሮች ለማንኛውም የውጭ አውሮፕላን በቅድሚያ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የሚያምኑት ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ሳይሆን የመዳረሻውን አገር የአየር በረራ መረጃ መጽሐፍ ነው።

ይህ መጽሐፍ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር ኤአይፒ፣ በየትኛውም አገር ቢታተም አደረጃጀቱ አንድ ዓይነት ነው። ጠቅላላ መረጃ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ቁጥር 1.2 ላይ ስለ አውሮፕላኖች መግባት፣ ማለፍና መውጣት፣ ቁጥር 1.3 ላይ ስለ መንገደኞችና የበረራ ሠራተኞች፣ ቁጥር 1.7 ላይ ደግሞ አገሩ ከዓለም አቀፉ ደረጃ የሚለይባቸውን ነጥቦች ያገኛሉ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ሳያነቡት ያልፋሉ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ፤ በአገርዎ የለመዱት ደንብ የትኛው ቦታ ላይ እንደማይሠራ ለይቶ የሚነግርዎት እርሱ ነውና። ዋና ዋና ማሻሻያዎች በየ28 ቀኑ በሚዞር ዑደት ስለሚወጡ፣ ካለፈው ዓመት በኮምፒውተርዎ ውስጥ የቀረ ቅጂ አያስተማምንም። በመካከል የሚፈጠሩትን ለውጦች ደግሞ ኖታም የሚባለው ለአብራሪዎች የሚወጣ አጭር ማስታወቂያ ይነግርዎታል።

ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ማመልከቻው በአብዛኛው የአውሮፕላኑን ዓይነትና የምዝገባ ምልክት፣ የባለቤቱንና የአብራሪውን ስም፣ የመንገደኞቹን ማንነት፣ የጉዞውን ዓላማ፣ የሚገቡበትን የድንበር ነጥብ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንዲሁም የመድን ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። መጽሐፉ "ሦስት የሥራ ቀን" ብሎ ከጻፈ የሚቆጠሩት የዚያ አገር የሥራ ቀናት መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን እንደየአገሩ ይለያያል፣ የሕዝብ በዓላትም እንዲሁ። ፈቃዱ ሲመጣ ቁጥርና የጊዜ ገደብ ይኖረዋል፤ ለአንድ አውሮፕላን የተሰጠም ለሌላ አይሆንም። እናንተ አውሮፕላኑን በጋራ የምትጠቀሙ በመሆናችሁ ይህ ይመለከታችኋል፦ በመጨረሻው ቀን የእናንተው ተበላሽቶ ሌላ ብትዋሱ ማመልከቻው እንደገና ይጀመራል። በመንገድዎ ላይ የሦስተኛ አገር ሰማይ ጥግ እንኳ የሚነኩ ከሆነ የዚያም ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። የአየር ጠባይ ከመስመር ሊያወጣዎት የሚችልበት አቅጣጫ ወደዚያ አገር ከሆነም ፈቃዱን ይዞ መገኘት ብልህነት ነው።

ቀጥሎ የሚያርፉበትን ይምረጡ። በስምምነቱ አንቀጽ 10 መሠረት ወደ አገር የሚገባ አውሮፕላን የሚያርፈው አገሩ ለጉምሩክና ለሌላ ምርመራ በወሰነው አየር ማረፊያ ሲሆን፣ ሲወጣም እንደዚሁ ነው። ይህ የራስዎንም አገር ይጨምራል። ሁልጊዜ የሚነሱበት ትንሽ ሜዳ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ከሌለው፣ በቅድሚያ ወደሚገኝበት አየር ማረፊያ በርረው የመውጫ ሥርዓቱን መፈጸም ይኖርብዎታል፤ ያ ሰዓትና ነዳጅ ደግሞ በሦስት ሰዓቱ ስሌት ውስጥ አልተካተተም። በመጽሐፉ ላይ "ጉምሩክ በጥያቄ" የሚል ካዩ፣ እርስዎ አስቀድመው ካላሳወቁ ማንም አይጠብቅዎትም ማለት ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ካሳወቁ በኋላም ወደ አየር ማረፊያው ስልክ ይደውሉ፤ በሚደርሱበት ሰዓት የጉምሩክ ሠራተኛ መኖሩን፣ ለሞተርዎ የሚሆነው ነዳጅ በዚያ ቀን መኖሩንና የመቆሚያ ቦታ መያዙን ይጠይቁ፤ የመለሰልዎትንም ሰው ስም ይመዝግቡ። አማራጭ ማረፊያዎንም በተቻለ መጠን የጉምሩክ አገልግሎት ካላቸው ይምረጡ። ሞተር ወይም አየር አስገድዶዎት ሌላ ቦታ ካረፉ ግን ወዲያውኑ ለቅርቡ ባለሥልጣን ያሳውቁ፤ ለደኅንነት አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ሰውም ዕቃም ከአውሮፕላኑ አካባቢ እንዳይርቅ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የምበርበት አውሮፕላን የተመዘገበው የአብራሪነት ፈቃዴን በሰጠኝ አገር አይደለም። በአገሬ ውስጥ ስበር ማንም ችግር አለው ብሎኝ አያውቅም። ድንበር ስሻገር ይህ ለውጥ ያመጣል? በአጠቃላይስ ምን ምን ሰነድ መያዝ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ያመጣል፤ ይህን ከመነሳትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ሆነ። የስምምነቱ አንቀጽ 32 ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አብራሪ ፈቃዱ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የተሰጠ ወይም በዚያው አገር ዋጋ እንዲኖረው የተረጋገጠ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። አንዳንድ መዝጋቢ አገሮች የሌላ አገር ፈቃድ የያዘ አብራሪ የእነርሱን አውሮፕላን እንዲያበር የሚፈቅዱት ፈቃዱን በሰጠው አገር ድንበር ውስጥ ብቻ ነው። በአገርዎ ውስጥ ያልተቸገሩት ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፤ ድንበሩን ባለፉበት ቅጽበት ግን ያለ ፈቃድ የሚበርር ሰው ይሆናሉ፤ መድንዎም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ከመዝጋቢው አገር የአቪዬሽን ባለሥልጣን የማረጋገጫ ሰነድ ወይም ተመጣጣኝ ፈቃድ ማውጣት ሲሆን፣ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከጉዞው ቀን በጣም አስቀድሞ መጀመር አለበት።

የሚያዙትን ሰነዶች በተመለከተ አንቀጽ 29 ሰባት ነገሮችን ይጠቅሳል። እነርሱም የአውሮፕላኑ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀት፣ የእያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ ፈቃድ፣ የጉዞ መዝገብ፣ አውሮፕላኑ ሬዲዮ ካለው የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ፣ መንገደኞች ካሉ ስማቸው ከተነሱበትና ከሚደርሱበት ቦታ ጋር፣ ጭነት ካለ ደግሞ ዝርዝር መግለጫው ናቸው። የሬዲዮ ፈቃዱ በአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ ስለማይጠየቅ ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ሊገኝ ይችላልና አውጥተው ይዩት። ከሰባቱ በተጨማሪ የጤና ምስክር ወረቀትዎን፣ ፓስፖርትና ቪዛን፣ የአውሮፕላኑን መመሪያ መጽሐፍና የክብደት ሰነድ፣ እንዲሁም አውሮፕላኑ የእርስዎ ካልሆነ የባለቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ። ደብዳቤው የአውሮፕላኑን ምልክት፣ የእርስዎን ስም፣ የሚሄዱበትን አገርና ቀኖቹን ጠቅሶ የተፈረመ ይሁን። የተሰረቀ አውሮፕላን የሚፈልግ የጉምሩክ ሹም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛው የአየር ብቁነት ምስክር ወረቀቱ ዓይነት ነው። በባለቤቱ እጅ የተገጣጠሙ፣ በሙከራ ምድብ ያሉ ወይም ልዩ የበረራ ፈቃድ ብቻ ያላቸው አውሮፕላኖች ዓለም አቀፉን ደረጃ ያሟላ ምስክር ወረቀት ስለሌላቸው ሌላው አገር በአንቀጽ 33 መሠረት እንዲቀበላቸው አይገደድም፤ ለእያንዳንዳቸው የሚገቡበትን አገር ልዩ ፈቃድ ይሻሉ። ለአገር ውስጥ በረራ ብቻ የተፈጠሩ ቀለል ያሉ የአብራሪነትና የጤና ፈቃዶችም በዚሁ መልክ ከድንበር ወዲያ ዋጋ ላይኖራቸው ይችላል። ሁለተኛው የቋንቋ ብቃት ነው። ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አብራሪ በሬዲዮ በሚነጋገርበት ቋንቋ ቢያንስ ደረጃ 4 እንዳለው በፈቃዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ደረጃ 4 ያለው ሰው በየሦስት ዓመቱ፣ ደረጃ 5 ያለው በየስድስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ይመከራል። በመድን ውሉ ላይም የሽፋኑ የግዛት ወሰን የተጻፈበትን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ የሚሄዱበት አገር በስም ወይም በክልል ካልተካተተ ማራዘሚያውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የበረራ ዕቅድ ቅጽን ብዙ ጊዜ ሞልቻለሁ። ድንበር ለሚሻገር በረራ ሲሞላ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የቅጹ ክፍል የትኛው ነው?

መልስ፦ ቅጹ ያው ነው፤ የሚያነቡት ሰዎች ግን በዝተዋል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 2 መሠረት ዓለም አቀፍ ድንበር የሚያቋርጥ ማንኛውም በረራ፣ በእይታ ደንብ (ውጭውን በዓይን እያየ) የሚበርረውም ጭምር፣ ዕቅድ ማስገባት አለበት። የቁጥጥር አገልግሎት ለሚሰጠው በረራ ዝቅተኛው ጊዜ ከመነሻው 60 ደቂቃ በፊት ነው፤ ለድንበር ተሻጋሪ በረራ ግን በዚህ አነስተኛ ወሰን ላይ መንጠልጠል አይበጅም፤ መልእክቱ በሁለት አገር ቢሮዎች ማለፍ አለበትና።

በተራ ቁጥር 7 የሚጻፈው የምዝገባ ምልክት ያለ ሰረዝ ይሁን፤ በፈቃዱ፣ በመድኑና በጉምሩኩ መግለጫ ላይ ካለውም አንዲት ፊደል እንዳይለይ። ተራ ቁጥር 13 ላይ የሚጻፈው ሰዓት አውሮፕላኑ ከቆመበት የሚንቀሳቀስበት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ የተቆጠረ ሰዓት ነው። በተራ ቁጥር 15 መስመሩን ሲጽፉ በፈቃዱ ላይ የተሰጠዎትን የድንበር መግቢያ ነጥብ ስም እንዳለ ያስፍሩት። ትልቁ ሥራ ያለው ግን ተራ ቁጥር 18 ላይ ነው። እዚያ የበረራውን ቀን በስድስት አኃዝ፣ የፈቃዱን ቁጥርና ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ የበረራ መረጃ ክልል (አንድ የቁጥጥር ማዕከል የሚያገለግለው የአየር ክልል) ድንበር ላይ ለመድረስ ከመነሻ የሚወስደውን ጊዜ ይጽፋሉ።

ይህ የመጨረሻው ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንየው። በ06:30 ዩቲሲ ተነሥተው ድንበሩ ላይ ከ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ እደርሳለሁ ብለው ከጻፉ፣ ማዶ ያለው ተረኛ በ07:40 ይጠብቅዎታል። ከመንገደኞችዎ አንዱ አርፍዶ በ07:10 ቢነሡ የድንበሩ ሰዓት 08:20 ይሆናል፤ እርስዎ ምንም ስሕተት ያልሠሩ ቢመስልዎትም በራዳሩ ላይ የሚታየው ባልተጠበቀ ሰዓት የሚመጣ ያልታወቀ አውሮፕላን ነው። የአየር መከላከያ መለያ ክልል፣ ማለትም የሚገባ አውሮፕላን ሁሉ ማንነቱን እንዲያሳውቅ የሚገደድበት ቀጠና፣ ያላቸው አገሮች ደግሞ የሚታገሡት ልዩነት በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ቁጥጥር የሚደረግበት በረራ ከ30 ደቂቃ፣ ሌላው ደግሞ ከ60 ደቂቃ በላይ ከዘገየ ዕቅዱ መሻሻል ወይም እንደ አዲስ መግባት እንዳለበት ደንቡ ይናገራል፤ ለድንበር በረራ ግን የጥቂት ደቂቃ መዘግየትንም ቢሆን እንዲያሳውቁ እመክራለሁ። የሚዘነጋው ሌላው ነገር ቀኑ ነው። ቀኑም እንደ ሰዓቱ በዩቲሲ ስለሚቆጠር ሌሊት ወይም ማለዳ የሚነሣ ሰው በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ከሚያየው የተለየ ቀን ሊጽፍ ይገባው ይሆናል፤ የአንድ ቀን ስሕተት ደግሞ ፈቃዱን ዋጋ ያሳጣዋል።

ተራ ቁጥር 19 የሚመለከተው አደጋ ቢደርስ የሚፈልግዎትን ሰው ነው። ነዳጁ የሚያቆይዎት ሰዓት፣ የሰዎቹ ብዛት፣ የሕይወት አድን ጃኬትና ጀልባ መኖር፣ የአውሮፕላኑ ቀለም በዚያ ይጻፋሉ። ይህ ክፍል ከቀረው ዕቅድ ጋር በተለምዶ አይተላለፍም፤ ዕቅዱን በተቀበለው ቢሮ ተቀምጦ ፈላጊዎች ሲጠይቁ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አንድ ቅጂ በምድር ላይ ለሚቀር ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው ይተዉ። የአደጋ ጊዜ አስተላላፊዎ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራና በአሁኑ ባለቤት ስም የተመዘገበ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠሩትን ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2009 ጀምሮ አያዳምጧቸውም።

ጥያቄ፦ ነዳጅን በተመለከተ "ታንኩን ሞልተህ ሂድ" ከሚለው የተሻለ ምክር ይኖርዎታል?

መልስ፦ አለኝ፤ ምክንያቱም አራት ሰው ከነሻንጣው የጫነ ትንሽ አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ሊሆን ይችላል። ስሌቱን አብረን እንሥራ። መንገዱ 310 ኖቲካል ማይል፣ የመሬት ላይ ፍጥነቱ 105 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል)፣ የሞተሩ ፍጆታ በሰዓት 36 ሊትር ቢሆን፣ ጉዞው 2 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ያህል ወስዶ 106 ሊትር ይበላል። ለመንደርደሪያና ለመውጣት 8፣ አማራጭ ማረፊያ ለመድረስ የ40 ደቂቃ 24፣ ለመጠባበቂያ የ45 ደቂቃ 27 ሊትር ሲጨመር 165 ሊትር ይሆናል። አሁን ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ ከተገመተው በ20 ኖት ቢበረታ፣ ፍጥነቱ ወደ 85 ወርዶ መንገዱ ብቻ 131 ሊትር ይፈጃል፤ ድምሩም ወደ 190 ይደርሳል። ልዩነቱ 25 ሊትር፣ በአቪዬሽን ቤንዚን ክብደት ሲሰላ 18 ኪሎ ያህል ነው። በእይታ ደንብ ለሚደረግ የቀን በረራ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መጠባበቂያ 30 ደቂቃ፣ ለሌሊት 45 ደቂቃ ነው። ለድንበር በረራ ግን ከሻንጣ ቀንሰውም ቢሆን ከዚህ እንዲያልፉ እመክራለሁ። በአገር ውስጥ ነዳጅ ያጠረበት አብራሪ በቅርቡ ሜዳ አርፎ ይቀዳል፤ ከድንበር ወዲያ ግን ቅርቡ ሜዳ ጉምሩክ የሌለው ከሆነ ማረፉ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ስለ ነዳጁ ዓይነትም አደራ እላለሁ። በብዙ የዓለም ክፍል የፒስተን ሞተር ቤንዚን እየጠፋ በትልልቅ አየር ማረፊያዎች የሚገኘው የጄት ነዳጅ ብቻ እየሆነ ነው። 100 ኤልኤል የሚባለው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው፤ የጄት ነዳጅ ውሃ የመሰለ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ሲነኩት ይቀባል፣ ሽታውም እንደ ላምባ ነው። ለፒስተን ሞተር የጄት ነዳጅ ከተቀዳለት በታንኩ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ድረስ በደኅና ሊሠራ ይችላል፤ ሞተሩ የሚከዳው ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ በሚቀዳበት ጊዜ ከአጠገቡ አይራቁ፤ ሲያልቅ ከታንኩ ሥር ናሙና ቀድተው ቀለሙንና ሽታውን ይዩ፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈውንም ዓይነት ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የምሄድበት አገር የአየር ግፊትን በሌላ መለኪያ የሚናገር ከሆነ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአየር ግፊት የሚሠራው የከፍታ መሣሪያዎ ሁለቱንም መለኪያ የሚያሳይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ የመለወጫ ሠንጠረዥ ጉልበትዎ ላይ ይኑር። መደበኛው ግፊት 1013.25 ሄክቶፓስካል ወይም 29.92 ኢንች ሜርኩሪ ነው። አደገኛው ነገር ተቆጣጣሪው "992" ሲልዎ፣ በኢንች የለመደ ጆሮ "29.92" ብሎ መስማቱ ነው። ልዩነቱ 21 ሄክቶፓስካል ያህል ሲሆን በከፍታ ሲተረጐም ወደ 600 ጫማ ይጠጋል፤ እርስዎም መሣሪያው ከሚያሳየው በዚያን ያህል ዝቅ ብለው ይበርራሉ። ግፊቱን መልሰው ሲያነቡ ሁልጊዜ ከነመለኪያው ስም ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ተዋጊ አውሮፕላን አጠገቤ ቢመጣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ሊያጋጥመኝ ይችላል? ሊተኩሱብኝስ ይችላሉ?

መልስ፦ ፈቃዱ፣ ዕቅዱና ሰዓቱ ከተስማሙ የሚያጋጥምዎት ዕድል ጠባብ ነው፤ ሊያጋጥም ይችላል ብሎ መዘጋጀት ግን የአብራሪው ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል የገባው የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 በተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የቺካጎ ስምምነት አባላት በሜይ 1984 አንቀጽ 3 ቢስ የሚባለውን ማሻሻያ አጸደቁ። ማሻሻያው አገሮች በበረራ ላይ ባለ የሲቪል አውሮፕላን ላይ የጦር መሣሪያ ከመጠቀም እንዲቆጠቡ፣ ሲያስቆሙም የተሳፋሪዎችን ሕይወት አደጋ ላይ እንዳይጥሉ ያዛል፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1998 ነው። ያው አንቀጽ የሲቪል አውሮፕላኖች የሚሰጣቸውን የማረፍ ትእዛዝ እንዲፈጽሙም ያስገድዳል። ስለዚህ ጥበቃው የተሟላ የሚሆነው እርስዎም ድርሻዎን ሲያውቁ ነው።

ምልክቶቹ በአባሪ 2 የተወሰኑና በየትኛውም አገር አንድ ናቸው። ተዋጊው በተለምዶ ከፊትዎ በስተግራ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመጣና ክንፎቹን ያወዛውዛል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይዞራል። ይህ "ተከተለኝ" ማለት ነው፤ እርስዎም ክንፍዎን አወዛውዘው ይከተሉት። የፊትዎን መስመር ሳያቋርጥ 90 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ እየዞረ ድንገት ወደ ላይ ከተለየዎት "ጉዞህን ቀጥል" ማለቱ ነው። ጎማውን አውጥቶ በአንድ አየር ማረፊያ ላይ ከዞረ "እዚህ እረፍ" ብሎዎታል። ወዲያውኑ በ121.5 ሜጋኸርዝ ማንነትዎንና የበረራዎን ዓይነት ይናገሩ፤ ተቆጣጣሪው ሌላ ካላዘዘዎት ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) 7700 ላይ ያድርጉ። 7500 የጠለፋ ምልክት ስለሆነ ኮዱን ሲቀይሩ እጅዎ እንዳይስት ይጠንቀቁ። የተዋጊው ምልክትና በሬዲዮ የሚሰሙት ትእዛዝ ከተጋጨ፣ የተዋጊውን እየተከተሉ ማብራሪያ ይጠይቁ። የምልክቶቹን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አትመው በእጅዎ ከሚደርስበት ቦታ ያኑሩ፤ በዚያች ደቂቃ በመጽሐፍ ውስጥ መፈለግ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኞቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ የነዳጁን ወጪ ሊካፈሉኝ ተስማምተዋል። ስለ እነርሱና ስለሚይዙት ዕቃ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ወጪ መካፈልን በአገርዎ ሕግ "የግል በረራ" ብሎ የሚያልፈው ሁሉ በሌላው አገር እንደዚያ ላይታይ ይችላል፤ አንዳንዱ አገር ማንኛውንም ክፍያ እንደ ንግድ ቆጥሮ በአንቀጽ 5 ከሚገኘው ነፃነት ያስወጣዋል። በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን እስኪያገኙ ድረስ ወጪውን ለብቻዎ ይቻሉት።

የእያንዳንዱን መንገደኛ ፓስፖርትና ቪዛ በዓይንዎ ይዩ፤ የሌላ ሰው ልጅ አብሮዎት ከሆነ የወላጆቹን የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ የክትባቱ ምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ነገር ግን የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ በዋዜማው መከተብ አይጠቅምም። የሳተላይት ስልክ፣ የምልክት መተኮሻና ካሜራ በአንዳንድ አገር ያለ ፈቃድ አይገቡም። በተለይ የምልክት መተኮሻ በአውሮፕላኑ የአደጋ ሳጥን ውስጥ ተረስቶ እንደ ጦር መሣሪያ ሊቆጠር ስለሚችል ሳጥኑን ከመነሣትዎ በፊት ከፍተው ይዩት።

ጥያቄ፦ ካረፍኩ በኋላስ የሚቀረኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የበረራ ዕቅዱን ይዝጉ። ተቆጣጣሪ ያለበት አየር ማረፊያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እርሱ ይዘጋዋል፤ ከሌለ ግን በስልክ ወይም በሬዲዮ መዝጋት የአብራሪው ፋንታ ነው። ይደርሳል ከተባለበት ሰዓት በኋላ 30 ደቂቃ አልፎ ወሬው ያልተሰማ አውሮፕላን የፍለጋው የመጀመሪያ ደረጃ ይታወጅለታል፤ ሌላ ሰው በእውነት ሊያስፈልገው የሚችለው ኃይልም በከንቱ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ መንገደኞችዎን አንድ ላይ ይዘው፣ ማንም ዕቃ ሳያወርድ፣ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሹሞች እስኪመጡ በአውሮፕላኑ አጠገብ ይቆዩ። ጠቅላላ መግለጫ የሚባለውን ቅጽ፣ አገሩ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በብዙ ቅጂ ሞልተው ይዘው ይምጡ፤ በአገሩ ማኅተም የተመታበትን አንዱን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። በአንቀጽ 24 መሠረት ለጉብኝት የገባ አውሮፕላን ለጊዜው ከቀረጥ ነፃ ይስተናገዳል፤ የሚፈቀድለትን የቆይታ ጊዜ የሚወስነው ግን አገሩ ስለሆነ፣ በማኅተሙ ላይ የተጻፈውን የመውጫ ቀን እዚያው ቆመው ያንብቡ። የመመለሻ ፈቃድም ከመግቢያው ጋር አብሮ መሰጠቱን ወይም ለብቻው የሚጠየቅ መሆኑን በዚያው ያረጋግጡ፤ ለብቻው ከሆነ ማመልከቻውን ሆቴል ከመግባትዎ በፊት ያስገቡ፣ ለራስዎ አገር ጉምሩክም የሚመለሱበትን ቀንና ሰዓት ያሳውቁ።